እርማት፦ በእሳት የተቃና ሻንሲ እንደ አዲስ አይሆንም

«የሞተር ሳይክሉ ሻንሲ ቢታጠፍም በእሳት አሙቆ ማቃናት ይበቃል» ተብሎ ለጠያቂው የተሰጠው ምክር የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው። ብረቱ እስኪቀላ ሲሞቅ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ሊያጣ ይችላል፤ አሉሚኒየም ከሆነማ ሳይቀላ፣ ለዓይን ምንም ምልክት ሳያሳይ ይዳከማል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመሪው አንገት፣ ማለትም የፊት ሹካው ከሻንሲው ጋር የሚገጠምበት ክፍል ነው፤ ዝንባሌው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ እንኳ የፊት ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከመሪው ዘንግ መስመር ያለው ርቀት በ6 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚለወጥ፣ በዝግታ ሲነዱት ደህና የመሰለው ሞተር በፍጥነት ላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ስለዚህ እባክዎ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንገቱን ያስለኩ፤ አንዳንዴ የታጠፈው የፊት ሹካው ብቻ ሆኖ ይገኛል። አንገቱ ከተጣመመ ግን ሻንሲው ይቀየር፤ በሊብሬው ላይ የተመዘገበው የሻንሲ ቁጥር አብሮ ስለሚለወጥም ሊብሬውን የሰጠውን መሥሪያ ቤት አስቀድመው ይጠይቁ።