ስለ ሃይሉክስ ሞተር ባለፈው የጻፍኩት ይታረምልኝ

ባለፈው ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ የጥገና ወጪ ስጽፍ «የናፍጣ ሞተሩ በካቴና ስለሚሠራ የታይሚንግ ቤልት ነገር አያሳስባችሁ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። (ታይሚንግ ቤልት ማለት የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥም ቀበቶ ነው።) ካቴና ያላቸው ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት 1ጂዲ እና 2ጂዲ ሞተሮች ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ ደጋግመን የምናያቸው የቀደሙት ባለ 2.5 እና ባለ 3.0 ሊትር ሞተሮች፣ ማለትም 2ኬዲ እና 1ኬዲ፣ የሚሠሩት በጎማ ቤልት ነው።

ስህተቴን ያወቅሁት በንባብ አይደለም። ከዘጌ ዓሣ የሚያመላልስ ወዳጄ እኔን አምኖ ቤልቱን ሊተወው ሲል፣ መካኒኩ «እስቲ አንዴ ልየው» ብሎ የፊት ክዳኑን ፈታ። ቤልቱ ጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙም እንደ አሮጌ ሰሌን ተተልትሏል። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ የምናገረው ጠፋኝ።

እንዲህ ያለው ቤልት እየሄዱ ቢበጠስ ፒስተኑ ከቫልቭ ጋር ይጋጫል፤ ያኔ የሚከፈለው የቤልት ሳይሆን የቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ዋጋ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቤልት መብራት በአብዛኛው 150,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል። ቆጣሪው የተነካካ መኪና የገዛ ሰው ግን (ስንቶቻችን እንሆን?) መብራቱን ከመጠበቅ ክዳኑን ማስከፈት ይሻለዋል።

በዚያው ጽሑፍ የጠቀስኩት የጥገና ዋጋም ይታረም፦ የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ብቻ ነበር። ቤልቱና መወጠሪያው ለብቻ ይገዛሉ። ስለ ባሌስትራና ስለ ፍሪሲዮን የጻፍኩት ባለበት ይጸናል።