ይጨመርልን

የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል የሚመሩ ሰዎች በየሳምንቱ ሲሰደቡ እሰማለሁ። በፖድካስት ይሰደባሉ። በቴሌቪዥን ይሰደባሉ። ስታዲየም ውስጥ በመፈክር ይሰደባሉ። ውለታ ቢስነት ነው። እነዚህ ሰዎች ለማንኛውም ችግር አንድ መድኃኒት አላቸው፤ እሱም መጨመር ነው። ኮንፈረንሱ ገቢ አነሰው? አባል ይጨመር። ጥሎ ማለፉ አድልዎ አለበት? ቡድን ይጨመር። ተጨምሮም አልተስተካከለም? እንግዲያው የተጨመረው አንሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጽኑ አመራር ከየት ይገኛል? ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ያመስግናቸው ብዬ ተነስቻለሁ።

ነገሩን ለማይከታተል ባጭሩ ላስረዳ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።) በከፍተኛው እርከን በ2025 136 ዩኒቨርሲቲዎች ተጫውተዋል። አንድ ሊግ የላቸውም። ከጥቂቶች በስተቀር ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ተቧድነው በአብዛኛው እዚያው እርስ በርስ ይፋለማሉ። መጨረሻ ላይ ከየማኅበሩ የተመረጡት ለአገሪቱ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። ማን ይመረጥ የሚለው ጥያቄ ላይ ነው ጉዱ ያለው። ወደዚያ እንመጣለን።

ኮንፈረንስ ድሮ እንደ ዕድር ነበር። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ያቋቁመዋል። ቡድኑ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ይጫወታል፣ ደጋፊው ይሰዳደባል፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ይገባል። አሁን ጉለሌ ያለ ዕድር ድንገት ተነስቶ «ሞያሌ አንድ ሀብታም አግኝተናል፣ መዋጮው ወፍራም ነው» ብሎ ቢመዘግብ ምን ይባላል? ለቅሶ በተጠራ ቁጥር ድንኳኑ በአውሮፕላን ሊሄድ ነው? እኛ ጠባብ ስለሆንን ይሄ አይታየንም። ለአሜሪካኖቹ ታይቷቸዋል።

ኤሲሲ የሚባለውን ተመልከቱ። ሙሉ ስሙ የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ነው። በ2024 ስታንፎርድንና በርክሌይ ያለውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአባልነት ተቀበለ። ሁለቱም ያሉት በፓሲፊክ በኩል ነው። በዚያው ሰሞን ዳላስ ያለው ኤስኤምዩም ገባ። ዳላስ ደግሞ ከየትኛውም ውቅያኖስ ጋር አትዋሰንም። ኤስኤምዩ ለመግባት ካለው ጉጉት የተነሳ ከማኅበሩ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለ9 ዓመት ድርሻ እንዳይሰጠው ተስማምቷል። ይሄንን ትሕትና የት ታገኙታላችሁ? በነጻ ሊጫወት የለመነ አለ፤ እናንተ ግን ስግብግብነት በዛ ትላላችሁ።

ቢግ ቴን በስሙ አስር ነው፤ በአባል ቁጥር 18 ነው። ቢግ ትዌልቭ በስሙ አስራ ሁለት ነው፤ በአባል ቁጥር 16 ነው። በ2012 አስሩ አስራ ሁለት፣ አስራ ሁለቱ ደግሞ አስር ነበሩ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ የትምህርት ተቋማት ናቸው።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የፓክ ትዌልቭ ነገር ነው። የምዕራቡ ዳርቻ ማኅበር ነው፤ ሥሩ እስከ 1915 ይመዘዛል። በ2022 ክረምት የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። በዓመቱ ኮሎራዶ ወጣ። ከዚያ ኦገስት 4 ቀን 2023፣ በአንድ ዓርብ ብቻ፣ አምስት አባላት ሻንጣቸውን አነሱ። አንድ ምዕተ ዓመት የተገነባ ነገር ከቅዳሜና እሁድ በፊት አለቀ። ቅልጥፍና ማለት ይሄ ነው። ስታንፎርድና በርክሌይም ወደ ኤሲሲ ሲሄዱ የቀሩት ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻ ነበሩ። ሁለት ቡድን ያለው ኮንፈረንስ! ለሻምፒዮና ድልድል እንኳ ዕጣ ማውጣት አያስፈልግም።

ሁለቱ የተበደሉ ናቸው ብላችሁ እንዳታዝኑ። ፍርድ ቤት ሄደው የማኅበሩን ካዝና በእጃቸው አስገቡ። ከዚያ ዞር ብለው ከጎረቤት ማኅበር ከማውንቴን ዌስት ቦይሲ ስቴትን፣ ፍሬዝኖ ስቴትን፣ ሳንዲያጎ ስቴትንና ሌሎችን ለ2026 አስፈረሙ። የተቀማ ሰው የቅሚያን ጥቅም ከማንም በላይ ይረዳዋል። አሁን ደግሞ ማውንቴን ዌስት ሲያለቅስ እየሰማን ነው። እሱም አባል ጨምሯል።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ቢግ ቴን በ2022 ከቴሌቪዥኖቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የ7 ዓመት ውል ተፈራረመ። ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ካለ ይቀጥል።

ይሄ በረከት ለፉትቦል ተጫዋቾች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፉትቦሉ በሳምንት አንዴ ነው፤ ያውም በቻርተር አውሮፕላን። ቮሊቦሏም፣ ሶፍትቦሏም፣ እግር ኳሷም ግን ኮንፈረንሱን ተከትላ መብረር አለባት። ኒው ጀርሲ ያለው ረትገርስና ሎስ አንጀለስ ያለው ዩሲኤልኤ አሁን «የአንድ ማኅበር ልጆች» ናቸው። በመሀላቸው የ3 ሰዓት ልዩነት አለ። ልጅቷ ማክሰኞ ሌሊት ስትመለስ፣ ረቡዕ ጠዋት የኬሚስትሪ ፈተና ይጠብቃታል።

የኛም ሰው ከዚህ በረከት አልጎደለም። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ስለሆነ የሐበሻ ልጅ አያጣም። ሜሪላንድ ኤሲሲን በ1953 ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በ2014 ወደ ቢግ ቴን ሲሄድ ለመውጫ ወደ 31 ሚሊዮን ዶላር ተቆርጦበታል። ያኔ የምዕራብ ጎረቤቱ ኔብራስካ ነበር፤ አሁን ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ሆነዋል። ስፖርተኛ ልጅ ያላት እናት በሦስት ቀን ሁለቴ ስትደውል አንዴ ሲያትል፣ አንዴ ኤርፖርት ታገኛታለች። «ልጄ፣ የተመዘገብሽው ለትምህርት ነው ለሆስተስነት?» ብትል ማን ይፈርድባታል? እንግዲህ እማማ፣ ተሐድሶ ነው።

ወደ ጥሎ ማለፉ እንሂድ። ዋናው ምስጋናዬ እዚያ ነው።

ድሮ የአገሪቱን ሻምፒዮን ጋዜጠኞችና አሠልጣኞች በድምፅ ይመርጡ ነበር። በ1997 አንዱ ወገን ሚሺጋንን፣ ሌላው ኔብራስካን መረጠና ሁለት ሻምፒዮን ሆነ። ይሄ አሳፋሪ ነው ተባለና ከ1998 ጀምሮ ድምፁ ከኮምፒውተር ስሌት ጋር ተደባለቀ። ኮምፒውተሩም በ2003 ጋዜጠኞቹም አሠልጣኞቹም በድምፅ አንደኛ ያደረጉትን ዩኤስሲን ከፍጻሜው አስቀረ። በ2014 ስሌቱ ተጣለና አራት ቡድን የሚመርጥ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ቴክሳስ ውስጥ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ይሰበሰባል። የአንድ አባል ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ አባሉ ከክፍሉ ይወጣል። ውይይቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ፍትሕ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችው ነው ማለት ነው።

ኮሚቴው ከኖቬምበር መጀመሪያ አንስቶ ማክሰኞ ማታ ኢኤስፒኤን በሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ደረጃ ያወጣል። የማክሰኞው ደረጃ ለመጨረሻው ምርጫ ዋጋ የለውም፤ በመጨረሻው ቀን ከባዶ ይጀመራል ይባላል። ታዲያ ለምን ይወጣል? ማክሰኞ ማታ ሰው ቤቱ ነዋ!

የኮሚቴው ጥበብ በ2017 ተፈተነ። ዩሲኤፍ የሚባለው የኦርላንዶ ቡድን 13 ተጫውቶ 13 አሸነፈ። ከአራቱ ውስጥ አልገባም። ከምርጫው በኋላ በተጫወተው በመጨረሻው ጨዋታ ኦበርንን 34 ለ 27 አሸንፏል። ኦበርን በበኩሉ በመደበኛው ውድድር ለፍጻሜ የደረሱትን አላባማንና ጆርጂያን አሸንፎ ነበር። ዩሲኤፎች ምን አደረጉ? ራሳቸውን ሻምፒዮን አሉና ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ሰልፍ ወጡ። ከሆቴል ውሳኔ የማይተናነስ ውሳኔ ነው።

በ2023 ደግሞ ተራው የፍሎሪዳ ስቴት ሆነ። 13 ጨዋታ፣ 13 ድል፣ ያውም የትልቅ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን። ችግሩ ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ጆርዳን ትራቪስ በኖቬምበር እግሩ ተሰበረ። ቡድኑ ያለ እሱም አሸነፈ። የኮንፈረንሱን ፍጻሜ በሦስተኛው ኳርተርባክ አሸነፈ። ኮሚቴው ግን አርቆ አሳቢ ነው። ወደፊት ሊሸነፉ ይችሉ ይሆናል ብሎ አንዴ የተሸነፈውን አላባማን አስገባ። እስከዚያ ቀን አሸናፊ የሚታወቀው በመጫወት ነበር። ኮሚቴው ድካሙን አቀለለው፤ የወደፊቱን ከሆቴል ሆኖ ያያል። ፍሎሪዳ ስቴት ተስፋ ቆርጦ፣ ተጫዋቾቹ ተበትነው በጆርጂያ 63 ለ 3 ተደበደበ። «አላልናችሁም?» አሉ። በዚያው ዲሴምበር ዩኒቨርሲቲው የራሱን ኮንፈረንስ ከሰሰ።

ለቅሶው ሲበዛ የታወቀው መድኃኒት ታዘዘ። በ2024 አራቱ 12 ሆኑ፤ ከነሱም አንዳንዱ ቦታ ደረጃው ዝቅ ቢልም ለኮንፈረንስ ሻምፒዮን የተያዘ ነው። ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው አራት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች የመጀመሪያውን ዙር እንዲያርፉ ተደረገ፤ ሽልማት ነው። አራቱም ካረፉ በኋላ በመጀመሪያ ጨዋታቸው ተሸነፉ። ዋንጫውን የወሰደው በኮንፈረንሱ ፍጻሜ እንኳ ያልተጫወተው፣ በሚሺጋን በሜዳው የተሸነፈው ኦሃዮ ስቴት ነው። ሕጉ ተቀየረ። በ2025 በደረጃ አንደኛ እስከ አራተኛ ያሉት እንዲያርፉ ሆነ። ሦስቱ ተሸነፉ። በሁለት ዓመት ከተሸለሙት ስምንት ቡድኖች ከሽልማቱ የተረፈው ኢንዲያና ብቻ ነው። እሱም ዋንጫውን ወሰደ።

የ2025 ምርጫ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። አላባማ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በጆርጂያ 28 ለ 7 ተሸነፈ። 9ኛ ነበር፣ 9ኛ እንደሆነ ገባ። የዩታው ቢዋይዩ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በቴክሳስ ቴክ 34 ለ 7 ተሸነፈ። ከ11ኛ ወደ 12ኛ ወረደና ከምርጫው ውጭ ሆነ። ሽንፈትም እንደ ሰዉ ነው። ኖተር ዳም ከማያሚ በላይ ሆኖ ለሳምንታት ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ሁለቱም አልተጫወቱም። ሁለቱም ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ማያሚ ኖተር ዳምን ቀደመውና ገባ፤ ኖተር ዳም ቀረ። ምክንያቱ ሲጠየቅ ማያሚ በኦገስት መጨረሻ ኖተር ዳምን 27 ለ 24 አሸንፎት ነበር ተባለ። እውነት ነው። ኮሚቴው ሙሉውን ኖቬምበር ጨዋታውን ሲያስብ ቆይቶ በዲሴምበር አስታወሰው። ኖተር ዳም ተቀይሞ ሌላ ግጥሚያ አልጫወትም አለ። ማያሚ ለፍጻሜ ደረሰ።

እና አሁንስ? እንደገመታችሁት፣ ይጨመር እየተባለ ነው። ቢግ ቴን በአንድ ወቅት ያቀረበው ሐሳብ በጣም ያምራል። ቡድኑ 16 ይሁን፤ ለእኔና ለደቡብ ምሥራቁ ኮንፈረንስ ለኤስኢሲ አራት አራት፣ ለኤሲሲና ለቢግ ትዌልቭ ሁለት ሁለት ቦታ አስቀድሞ ይያዝ የሚል ነበር። ውድድር ከመጀመሩ በፊት ወንበር መከፋፈል ለጤናም ጥሩ ነው። ኤስኢሲ 16ቱን ቢወድም ኮታውን አልወደደም። ከዚያ 24 የሚል መጣ፣ 28 የሚልም ተሰማ። ሁለቱ ኃያላን ስላልተስማሙ 2026ም በ12 እንዲቀጥል ሆኗል። ገንዘቡ እንኳ ተስማምቷል፤ ኢኤስፒኤን ለ6 ዓመት 7.8 ቢሊዮን ዶላር ፈርሟል።

እኔም እንደ አመስጋኝ ሰው የበኩሌን ልጨምር ብዬ አሰብኩ። ለምን 136ቱም አይገቡም? ከኦገስት ጀምሮ ጥሎ ማለፍ። ስሌቱን ሠራሁት፤ በ8 ዙር ያልቃል። የ2025 ሻምፒዮን 16 ጨዋታ ተጫውቷል፤ የኔው ከዚያ ግማሽ ነው። ማንም «ተረሳሁ» ብሎ አያለቅስም። የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል።

ከዚያ ደነገጥኩ። ማክሰኞ ማታ ምን ሊታይ ነው? አስራ ሦስቱ ሰዎች የት ሊሰበሰቡ ነው? ያ ሁሉ ፖድካስት ምን ሊያወራ ነው? ሁሉ ነገር ሜዳ ላይ ሊወሰን? ሐሳቤን አንስቻለሁ። 24 ይሁን። 28 ካሉም አልከራከርም።