ጥሬ ጋይሮ ወይስ ራሱ የሚያሰላ ቺፕ?

ሁለት የአዳማ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አብራሪ፣ አንዱ ኮድ ጸሐፊ። የሚከራከሩት ራሷን ችላ ለምትበር ትንሽ የፎም አውሮፕላን የትኛው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ይሻላል በሚለው ነው።

አብራሪው፦ እኔ ቢኤንኦ055 እላለሁ። ጋይሮ (የመዞር ፍጥነት የሚለካው)፣ አክስለሮሜትር (የስበትንና የፍጥነት ለውጥን ጫና የሚለካው) እና ኮምፓስ በአንድ ቺፕ፤ ሦስቱን አጣምሮ የሚያሰላውም እዚያው ውስጥ አለ። አንተ ያለቀለት አንግል በሰከንድ 100 ጊዜ ትቀበላለህ። የእናንተ ነገር እኮ ይገርመኛል፣ አውሮፕላኗ ከመሬት ሳትነሳ ፊልተር፣ ማለትም ንባቦቹን አጣርቶ አንግል የሚያወጣ ኮድ፣ ስትጽፉ ትከርማላችሁ።

ኮድ ጸሐፊው፦ ጋሼ፣ ጣጣው ያለው እዚያ ያለቀለት አንግል ላይ ነው። አውሮፕላን ክንፏን 45 ዲግሪ አዘንብላ በሥርዓት ስትዞር አክስለሮሜትሩ 1.41 ጂ ያነባል (1 ጂ ቆመን የሚሰማን የምድር ስበት ነው)፣ አቅጣጫው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ወለሏ ነው። ለእሱ ሜዳ ላይ የቆመች ነው የምትመስለው። ዙሩ ከረዘመ ቺፑ ቀስ በቀስ «ቀጥ ብለናል» ማለት ይጀምራል፤ አውቶፓይለቱም 45 ላይ ልያዛት ብሎ የባሰ ያዘነብላታል። ጋይሮና አክስለሮሜትር ብቻ ካለው ኤምፒዩ-6050 ጥሬውን፣ ያልተሰላውን ንባብ፣ ከወሰድኩ ግን ንባቡ ከ1 ጂ ሲርቅ አክስለሮሜትሩን ችላ ብዬ በጋይሮው እቆያለሁ፣ ወይም የጂፒኤሱን ፍጥነት ከመዞሪያ ፍጥነቱ ጋር አባዝቼ የዙሩን ግፊት ከንባቡ ላይ እቀንሳለሁ። የእርስዎ ቺፕ ፍጥነት የሚነገርበት በር የለውም።

አብራሪው፦ ጥሬው ከእኔም ይወጣል፣ ከፈለግክ ውሰድ! ኤምፒዩ-6050 ደግሞ ሙቀት ሲለወጥ ዜሮው፣ ዝም ብሎ ሲቆም የሚያነበው፣ ይንሸራተታል። ጠዋት በብርዱ ያስተካከልከው ጋይሮ እኩለ ቀን የአዳማ ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላ ነገር ያወራል። ንዝረቱስ? 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ያንኑ ግፊት ለማግኘት ፕሮፔለሩ 8 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ንዝረቱም ይብሳል። መጀመሪያ ፕሮፔለርህን ሚዛን አስይዝ፤ በቀለለው ምላስ ጀርባ ቁራጭ ስኮች ለጥፍ።

ኮድ ጸሐፊው፦ በፕሮፔለሩ አልከራከርም። ዜሮውን ግን ከመነሳቷ በፊት መሬት ላይ ጥቂት ሰከንድ ዝም ብላ ስትቆም እወስዳለሁ፣ አለቀ። ብር ካለዎት አይሲኤም-42688-ፒ ይግዙ፣ ጫጫታው፣ የንባቡ መዋዠቅ ማለቴ ነው፣ ከኤምፒዩው ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። እሱም ጥሬ ነው።

አብራሪው፦ ኮምፓስስ? የአንተ ሁለቱም የላቸውም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ መስኩ እኛ ጋ አግድም ስለሚተኛ ለኮምፓስ እንደኛ የተመቸው የለም።

ኮድ ጸሐፊው፦ ቋሚ ክንፍ ላይ አቅጣጫውን ከጂፒኤስ አገኘዋለሁ።

አብራሪው፦ በአዳማ ነፋስ? ኮረብታው ላይ ተርባይን የተከሉት ለጌጥ መሰለህ እንዴ! በሰከንድ 12 ሜትር ለምትበር ፎም ከጎን 5 ሜትር ነፋስ ከመጣባት መስመሯን ለመጠበቅ አፍንጫዋን ወደ 25 ዲግሪ ማዞር አለባት። ጂፒኤስ የሚነግርህ ወዴት እንደምትሄድ እንጂ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ አይደለም።

ኮድ ጸሐፊው፦ እሺ፣ ኮምፓስ ያስፈልጋል። የእርስዎ ግን ቺፑ ውስጥ ተቀርቅሮ የባትሪው ሽቦ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ጋዙን ሲከፍቱ ሰሜኑ አብሮ ይዞራል። እኔ ኮምፓሱን ለብቻው ገዝቼ ወደ ክንፉ ጫፍ አርቀዋለሁ።

አብራሪው፦ ሽቦው ያን ያህል ረዝሞ አይስኩዌርሲ፣ ሴንሰሩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት መስመር፣ ሲንተባተብ እናያለን።

ኮድ ጸሐፊው፦ 60 ሴንቲ ሽቦ ናት ጋሼ። ፍጥነቱን ወደ 100 ኪሎኸርዝ አወርደዋለሁ፤ ኮምፓስ በሰከንድ 10 ጊዜ ከተነበበ ይበቃል።