እርማት፦ ደረጃው ከፍ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ በየቦታው ተመራቂ አለው ማለት አይደለም

ልጃቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት ላገኘችላቸው፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩት እናት «ደረጃው ከፍ ያለውን ይምረጡ፣ ተመራቂው የትም ስላለ ዋሽንግተን ሥራ አታጣም» ያልከው፣ ወንድሜ፣ በብዛት የሚነገር ግን ልክ ያልሆነ ነገር ነው።

የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዋናነት የግዛቱን ልጆች ነው የሚያስተምረው። ቻፕል ሂል ያለውን የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመልከት፤ ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሌላ ግዛት የሚቀበላቸው አዲስ ተማሪዎች ከ18 በመቶ እንዳይበልጡ ገደብ አለበት። ስሙ ትልቅ ነው፤ ተመራቂውን በብዛት የምታገኘው ግን እዚያው ግዛት ውስጥ፣ ሻርሎትና ራሌ አካባቢ ነው። ለዋሽንግተን ሥራ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲም ቢሆን፣ ቅርብ ተመራቂ አላቸው። ግቢው ብላክስበርግ ተራራ መሀል የሆነው ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው አሌክሳንድሪያ ድረስ መጥቶ ሌላ ግቢ የከፈተው ለምን ይመስልሃል?

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለየት ይላል። ከቅድመ ምረቃ ተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ከግዛቱ ውጭ ስለሚመጡ ኒው ዮርክም ቺካጎም ተመራቂ አለው። ይህ ግን ከተማሪዎቹ አመጣጥ እንጂ ከደረጃው የመጣ አይደለም።

ደግሞ መገመት አያስፈልግም። እናትየዋ ሊንክድኢን (የሥራ ግንኙነት ድረ ገጽ) ላይ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ከፍተው የተመራቂዎችን ክፍል ይዩ፤ የት እንደሚኖሩና የት እንደሚሠሩ በቁጥር ያሳያል፣ በትምህርት መስክም ማጣራት ይቻላል። ልጅቷ ነርሲንግ ከሆነ የምትማረው፣ ከተመራቂው ብዛት ይልቅ ልምምድ የምትወጣበትን ሆስፒታል ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀጥረው ያው ነው። ለሌላ ግዛት ተማሪ የሚጨመረውን ክፍያማ ገና አላነሣሁትም።