ኮለሙ ምን አጠፋ?

ኧረ ባካችሁ የኤችፒኤልሲ (ቅልቅልን በፈሳሽ ግፊት ወደ ንጥረ ነገሮቹ የሚለይ መሣሪያ) ሰዎች! ፕሬዠር (ግፊት) በወጣ ቁጥር "ኮለሙ ሞቷል" ማለት፣ ማለትም ንጥረ ነገሮቹ የሚለያዩበትን በደቃቅ ቅንጣት የታጨቀ ቱቦ መውቀስ አሁንስ በዛ። በኮለሙ ከውሃ ጋር የሚፈሰው አሴቶናይትራይል ተወደደ ተብሎ በሜታኖል ይተካል፣ ፍሎው ሬቱም (የፍሰቱ ፍጥነት) ሙቀቱም እንደነበረ ይተዋል፣ ከዚያ ጥፋተኛው ኮለሙ ይሆናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

በ25 ዲግሪ የውሃ ቪስኮሲቲ (የፈሳሽ ውፍረት) 0.89 ሴንቲፖይዝ፣ የሜታኖል 0.54 ገደማ ነው። ሲቀላቀሉ በሁለቱ መሃል የሚያርፍ ይመስላል፤ አያርፍም። ግማሽ በግማሽ ሲሆኑ 1.6 አካባቢ ይደርሳል። አሴቶናይትራይልና ውሃ በዚያው መጠን 0.8 ገደማ ናቸው። ፕሬዠሩ እጥፍ ቢሆን ታዲያ ምን ይገርማል? ግሬድየንት (የሜታኖሉ ድርሻ እየጨመረ የሚሄድበት ሩጫ) ላይማ ይብሳል፦ በ10 ፐርሰንት ሜታኖል 300 ባር ላይ የጀመረው መሃል ሲደርስ ገደብ የተደረገውን 400ን ይነካና ፐምፑ ይቆማል፣ ለሌሊት የተደረደረው ሳምፕል ሁሉ እዚያው ያድራል። ገደቡን በመነሻው ሳይሆን በመሃሉ አስሉት እንጂ!

ፕሬዠሩስ ይሁን፣ ስክሪን ላይ ይታያል። የሚያናድደው ፒኩ (እያንዳንዱን ንጥረ ነገር የሚያሳየው የግራፉ ጉብታ) ነው። ፈሳሹ በወፈረ ቁጥር ሞለኪውሎቹ ወደ ፓርቲክሉ (ኮለሙ ውስጥ ወደታጨቀው ቅንጣት) ቀዳዳ ገብቶ መውጣት ይከብዳቸዋል፤ ፒኩ ይሰፋል፣ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ፒኮች ይነካካሉ። ይህን እያየ አይሶፕሮፓኖል ወይም ግሊሰሮል የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ የሚጨምር ሰው አለ፤ በዚያው ፍሎው ሬት! የኮለሙን ማሞቂያ ኦቨን 40 ዲግሪ አድርጉት፤ የውሃ ቪስኮሲቲ ብቻውን ወደ 0.65 ይወርዳል። ካልበቃ ከ1.0 ወደ 0.7 ሚሊሊትር በደቂቃ ዝቅ በሉ። ሙቀት ሲቀየር የፒኮቹ ቅደም ተከተል ሊቀየር ስለሚችል ስታንዳርዱን (ምንነቱ የታወቀውን ማነጻጸሪያ) እንደገና ሩጡ።

ሳምፕሉን ዲኤምኤስኦ በተባለ ወፍራም ማሟሚያ አሟሙቶ 50 ማይክሮሊትር ኢንጀክት ማድረግስ ምን ይባላል? ቀጭኑ ሞባይል ፌዝ (በኮለሙ የሚፈሰው ፈሳሽ) ወፍራሙን ከኋላው እየሰነጠቀ ይገባበታል፤ ፒኩ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ለሁለት ይከፈላል። 5 ማይክሮሊትር ሞክሩ፤ ከተስተካከለ ኮለሙ ንጹህ ነው፣ ሳምፕሉን በሞባይል ፌዝ አቅጥኑት።

ኮለም ከመጣሉ በፊት የፕሬዠሩን ታሪክ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሞባይል ፌዝ በተቀየረበት ቀን ዘሎ እዚያው ከረጋ ቪስኮሲቲ ነው። በየሳምፕሉ ትንሽ ትንሽ እየወጣ ከመጣ ፍሪቱ (የኮለሙ መግቢያ ማጣሪያ) ተደፍኗል፣ ያኔ እጠቡት። በአይሶፕሮፓኖል ከሆነ ግን መጀመሪያ የፎስፌቱን ባፈር (ፒኤች የሚያረጋጋውን የጨው ውሁድ) 10 ፐርሰንት ሜታኖል ባለው ውሃ አስወጡ፣ አለዚያ ጨው ይረጋበታል። ከዚያም አይሶፕሮፓኖሉን በ0.2 ሚሊሊትር በደቂቃ ጀምሩ፤ በ1.0 አይደለም!