ይድረስ ለክቡር ጣልቃ ገብ ሞገድ

ባሉበት፣ ማለትም በሁሉም ቦታ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ በእርስዎ ረብሻ የቪዲዮ ጥሪው በየመሃሉ ከመድረቁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ካፌ ሆኜ ነው። ዋይፋይ ስፈልግ የስሙ ዝርዝር ከስክሪኔ አልፎ ይሄዳል፤ የካፌው፣ የጎኑ ካፌ፣ የሆቴሉ፣ የማዶው ፎቅ። ብዙዎቹ ቻናል 6 በሚባለው የአየር መስመር ላይ ተኮልኩለዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ የሞገድ ክልል ላይ አንዱ ቻናል ከሌላው የሚርቀው 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አንድ ራውተር (ዋይፋዩን የሚረጨው ሣጥን) ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይዞ ይንሰራፋል። ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት እንግዲህ 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንድ ቻናል ላይ የተገናኙት ቢያንስ ተራ ይጠብቃሉ። «ነጻ ቦታ አገኘሁ» ብሎ ቻናል 4 ላይ የተቀመጠው ብልጥ ግን ግራና ቀኙን ያምሳል። የእርስዎ ወዳጅ ሳይሆን አይቀርም።

የካፌው ባለቤት መፍትሔ ብለው ባለ አራት አንቴና ራውተር ገዙ። ጎረቤታቸው ሰምቶ ባለ ስድስት አመጣ። ሁለቱም አንቴና ሲበዛ ጉልበት የሚበዛ ይመስላቸዋል። ሁሉም እኩል ቢጮህ የሚወፍሩት እርስዎ መሆንዎን ማን ይንገራቸው?

አንቴናው የሚበዛው ለማዳመጥም ጭምር ነው። አንድ ሞገድ አንዱ አንቴና ላይ ቀደም፣ ሌላው ላይ ዘግየት ብሎ ይደርሳል፤ ያቺን ልዩነት አስልቶ የሚደምር ራውተር፣ በአራት አንቴና አንዱን ተፈላጊ ሰምቶ ሦስት የእርስዎን ቢጤ ዝም ማሰኘት ይችላል። በወረቀት። ለዚህ መንገድዎን ማወቅ አለበት፤ እርስዎ ደግሞ ከጣና ውሃ ላይ ነጥረው፣ ከሆቴሉ መስታወት ተላትመው ነው የሚመጡት። ባጃጅ ባለፈ ቁጥርም መንገድ ይቀይራሉ።

ሊቃውንቱም አልተኙልዎትም። ካዳምቤ እና ጃፋር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ፣ በአንድ አየር የሚያወሩ የላኪና የተቀባይ ጥንዶች የቱንም ያህል ቢበዙ፣ ሲግናሉ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ከሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ማግኘት እንደሚችል አሳዩ። ዘዴው ያልተጠሩትን እንግዶች ሁሉ አንድ መደብ ላይ አጣብቆ፣ ሌላውን መደብ ለተጠራው መተው ነው። ግን ሁሉም የሁሉንም መንገድ ማወቅ ይኖርበታል። እኛ ሰፈር የጎረቤቱን የይለፍ ቃል እንጂ መንገዱን የሚያውቅ የለም።

ማርዜታ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የሞባይል ማማው ላይ አንቴና እጅግ ይብዛ አለ። እርስዎ ምን አደረጉ? መለኪያውን በከሉት! ስልኮች መንገዳቸውን ለማማው ለማሳወቅ የሚልኩት የመለኪያ ምልክት በጎረቤት ማማዎች ዘንድ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ማማው የሰው ደንበኛ መንገድ ከራሱ ጋር ይደባለቅበታል፤ ጨረሩንም ለማያውቀው ሰው ያድላል። ለዚህስ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ባዕድ አለመሆንዎ ነው። እኔን ያደረቁኝ እርስዎ፣ ማዶ ፎቅ ላለችው ተማሪ የፈተና ውጤቷ ነዎት። የእኔ ጥሪም እሷ ዘንድ በእርስዎ ስም ነው የሚታወቀው። እንዴት አድርጌ ልርገምዎት?

ስለዚህ ወደ 5 ጊጋኸርዝ እየለቀቅኩ ነው። ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል፤ የጎረቤቴንም ስለሚያደክምልኝ ተስማምቶኛል። ቻናሉን ግን አልነግርዎትም።

አክባሪዎ፣
አንድ ደንበኛ