ድሮ ቀረ፣ ከነቴሌቪዥኑ

ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቤት ቴሌቪዥን ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ አንዱ «ድሮ ቀረ!» ማለቱ አይቀርም። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ሪሞቱን የያዘው ሰው ነው። ጣቢያዎቹን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶ የሚታይ ነገር ማጣቱን ካስታወቀ በኋላ፣ በአገሩ አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን ግን የሚያየው አጥቶ እንደማያውቅ በእርግጠኝነት ይናገራል። አባባሉ ትክክል ነው፤ የሚመርጠው የሌለው ሰው ምርጫ ሊቸግረው አይችልም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን መሣሪያው በየሰፈሩ በአንድና በሁለት ቤት ብቻ የሚገኝ፣ ዳንቴል የሚለብስ፣ አንዳንዱም ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ የሚያድር የተከበረ ንብረት ነበር። «የዚያ ዘመን ልጅ ጨዋ ነበር፤ ያነጸውም የቴሌቪዥኑ ዝግጅት ነው» የሚሉ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር፣ ልጁ ጨዋ ሆኖ የሚገኘው ዝግጅቱን ካየ በኋላ ሳይሆን ከማየቱ በፊት እንደነበረ ነው። ባለ ቴሌቪዥኗ እትዬ ሱቅ ሲልኩት ሮጦ ያልተመለሰ፣ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ያልሰጠ፣ እግሩንም ታጥቦ ያልመጣ ልጅ፣ ሲመሽ ዕጣው በመስኮት በኩል አንገቱን ማስገግ ነው። ሥነ ምግባር የምንለው እኮ ግማሹ የመግቢያ ክፍያ ነበር።

አባባ ተስፋዬን ማንም አይነካም፤ እኔም አልነካም። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በልጆች ዝግጅት በቴሌቪዥኑ መስኮት ብቅ እያሉ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉን፣ ከተቀመጥንበት ብድግ ብለን ለመስታወቱ አጸፋውን የመለስን ብዙዎች ነን። አጎቴማ አባባ ተስፋዬ አንድ ቀን ለይተው እርሳቸውን እንዳዩአቸው ይናገራሉ፤ ይህን በተናገሩ ቁጥርም የታዩበት ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ችግሩ ያለው በአበባው ላይ አይደለም። «ነገ» የተባለው ቀን መጥቷል፤ ፍሬዎቹም እኛው ነን፤ ከፍሬዎቹ መካከል ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስልኩን ጋቢው ሥር ደብቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ ቲክቶክ የሚያይ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም። አጎቴ ይህን የሚያደርጉት፣ እንደሚሉት ከሆነ፣ ትውልዱ የደረሰበትን ለማወቅ ብቻ ነው።

ለሬዲዮው ያላቸው ፍቅር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ወጋየሁ ንጋቱ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ጸጥ ይል እንደነበረ፣ የሬዲዮው ድንጋይ ለትረካው ሰዓት ጉልበት እንዲያገኝ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣ እንደነበረ ደጋግመው አጫውተውናል። ስለ ድምፁ ክርክር የለኝም፤ ዛሬም ሲሰማ ሰው ያፈዝዛል። ነገር ግን አጎቴ ትረካውን «ለቤተሰብ የሚሆን፣ ነውር የሌለበት ዝግጅት» እያሉ ሲያመሰግኑ የታሪኩን ዋና ጉዳይ የረሱት ይመስለኛል። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ እንዲያስተምር አደራ ተሰጥቶት፣ ከተማሪው ከሰብለ ወንጌል ጋር በፍቅር የወደቀ አስጠኚ ነው። የአጎቴ ቤተሰብ በሙሉ ለሁለቱ ፍቅረኞች አልቅሷል፤ ፊታውራሪንም በአንድ ድምፅ ረግሟል። ይሁን እንጂ አጎቴ ለሴት ልጃቸው የሒሳብ አስጠኚ የቀጠሩ ጊዜ፣ ትምህርቱ በሳሎን ውስጥ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እርሳቸው ራሳቸው ጋዜጣ ዘርግተው ከአጠገብ በተቀመጡበት እንዲሰጥ ወስነዋል። አስጠኚው ወርም አልቆየም። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ያላቸውን አስተያየት ግን እስከ ዛሬ አላሻሻሉም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ማቅረብ ሲጀምር ባህላችንን ያጠፋል የሚል ብርቱ ክርክር መነሣቱ ይታወሳል። አጎቴ ከተቆጡት ወገን ነበሩ፤ ቁጣቸውም በቂ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን አንድም ክፍል ሳያመልጣቸው ተከታትለዋል።

«የዛሬ ወጣት ታይታ ይወዳል» የሚለውም ክስ ቢሆን የዘፈን ምርጫን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ጥቂት ያስቸግራል። በዚያ ጊዜ አድማጭ አንድ ዘፈን እንዲሰማለት በፖስታ ሲጽፍ የእናቱንና የአባቱን፣ የእኅት ወንድሞቹን፣ በየክፍለ ሀገሩ የተበተኑ አክስቶቹን፣ የጎረቤቶቹንና የሥራ ባልደረቦቹን ስም ዘርዝሮ፣ በመጨረሻም በትሕትና «ራሴንም ጨምሮ» ይል ነበር። ስሙ የተነበበለት ቤት በእልልታ ይናጋል፤ ዘፈኑ ሲጀመርም ማን ቀድሞ እንደተጠራና የማን ስም እንደተዘለለ ክርክር ስለሚነሣ የሚያዳምጠው አይገኝም። የተዘለለችው አክስት ለፋሲካ ሳትመጣ ትቀራለች።

በዚህ ሁሉ ትዝታ ውስጥ ማንም የማያነሣው ዜናውን ነው። በኢሕዲሪ፣ ማለትም በኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ዘመን፣ አንድ ድራማ ለማየት የሚጠብቅ ቤተሰብ አስቀድሞ «የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ፣ የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንትና የአብዮታዊ ጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጓድ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም» የሚለውን በትዕግሥት ማለፍ ነበረበት። ማዕረጉ ተነብቦ እስኪያልቅ አቦል ወርዶ ቶና ይጣዳል፤ ከዚያም ጓድ ያደረጉት ነገር፣ ለምሳሌ አንድ እንግዳ ተቀብለው ማነጋገራቸው፣ በአጭሩ ይገለጻል። በመሐል ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ ታላቅ ወንድም አንቴና ሊያስተካክል ጣራ ላይ ይወጣል፤ «አሁንስ?» ይላል ከላይ፤ «ቅድም ይሻል ነበር!» ይላሉ ከታች።

በቅርቡ አጎቴ የቤቱን ልጆች ሰብስበው «ጨዋ ቴሌቪዥን ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ» በማለት ከዩቲዩብ ላይ የዚያን ዘመን የምሽት ሥርጭት አስከፈቱ። የተገኘው ቅጂ በዜና የሚጀምር ነበር። ልጆቹ ጥቂት እንዳዩ የእኅቴ ልጅ በሁለት እጥፍ ፍጥነት ልታስሮጠው ብትሞክር፣ አጎቴ ትዕግሥት የሌለው ትውልድ ምን እንደሚገጥመው ሰፊ ማብራሪያ ሰጡና ወደ ቦታው አስመለሱት። ዜና አንባቢው ረጋ ብሎ «የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ» አለ። አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንትና…» አለ። አጎቴ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ልጅቱም ጠጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ያቺ ማስሮጫ የቷ ጋ ነበረች?» አሏት።